ሁለት ስንዝር

ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተሳለ እጅ አለ። የግራ እጅ ነው። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት የቻሉትን ያህል ተዘርግተዋል፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ቀጭን መስመር ተሰምሮ ከላዩ «17 ሳ.ሜ.» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «የእኔ ስንዝር» ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። እጁም የእኔ ነበር። ባለፈው ሳምንት ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ እጄን ብጭንበት አልገጥም አለኝ። መገጣጠሚያዎቼ አብጠዋል፤ ትንሿ ጣቴ ወደ ውስጥ ጎብጣለች። አፍንጫዬን ሳስጠጋው ግን ወረቀቱ ያው ነው፤ የድንጋይ ከሰል ጭስና የረጠበ የሱፍ ካፖርት ይሸታል። ወይም የሚሸተው ለእኔ ብቻ ይሆናል።

ወረቀቱን ከመሳቢያ እንዳወጣው ያደረገኝ ሰው ነው። ሥነ ሕንፃ የምታጠና አንዲት ልጅ ቱሉ ዲምቱ ድረስ መጥታ፣ አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታ በሬን አንኳኳች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «እማማ ይቅርታ፣ ስለ አቃቂው የሠራተኞች አዳራሽ ያውቃሉ ብለውኝ ነው» አለች። እማማ መባል አልወድም። ቢሆንም ውኃ ሰጠኋት። አዳራሹ ሊፈርስ ነው አለችኝ፤ ከመፍረሱ በፊት እሷና ጓደኞቿ እየለኩ ይመዘግቡታል። የያዘችው ቅጽ ላይ «የነዳፊው ስም» በሚለው ፊት ለፊት የእሱ፣ የቀድሞ አለቃዬ፣ ስም ተጽፏል።

«እርስዎ ያኔ እሳቸው ቢሮ ረዳት ነበሩ አይደል?»

ረዳት። ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ አጠብኩት። ከዚያ «ቅዳሜ ነይ፤ አብረን ሄደን እናየዋለን» አልኳት።

ከመሄዳችን በፊት የነበረውን ልናገር። ሰውዬው ሞቷል፤ መልስ ሊሰጠኝ አይችልም። ይህ አግባብ አይደለም የሚል ካለ፣ እሱም በሕይወት ሳለ ለእኔ የመናገር ተራ አልሰጠኝም።

የተወለድኩት አቃቂ ነው። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሸማኔ ነበር። የማሽኑ ጩኸት ጆሮውን ስላደከመው ቤታችን ውስጥ ሁላችንም እየጮህን ነበር የምናወራው፤ መንገደኛ የተጣላን ይመስለው ነበር። አንድ ነገር በተነገረ ቁጥር አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ምን አለች?» ይላል፣ አንዳችን እንደግምለታለን። ጎረቤታችን ደግሞ እዚያው ፋብሪካ ክር ክፍል የምትሠራ ሴት ነበረች። ከፈረቃ ስትመለስ ፀጉሯና ቅንድቧ ላይ ብናኝ ጥጥ ይሰፍርባት ስለነበር እኛ ልጆች «እትዬ አረጀች! እትዬ አረጀች!» እያልን እንከተላት ነበር። እሷም ጥጡን ከቅንድቧ አንሥታ «ሽበቴን እንኩ፣ ተካፈሉት» ትለን ነበር።

ለውጭ አገር ትምህርት የተመረጥኩ ጊዜ ይህቺ ሴት ሃያ ሳንቲ ሜትር የምትለካ የእንጨት ማስመሪያ ገዝታ መጣች።

«ከዚህ የምትረዝም አጣሁ» አለችኝ። «አንቺ ተመልሰሽ ለእኛ ለሠራተኞቹ አንድ ደህና ነገር ሥሪልን። ተቀምጠን የምንበላበት፣ ሰው የምንመስልበት።»

«ምን አለች?» አለ አባቴ።

«ቤት ትሠራልናለች አልኩ!» ብላ ጮኸችለት። አባቴ ሳቀ። እኔ ግን በዚያች ቀን በልቤ የገባሁትን ቃል የምር አድርጌው ነበር።

የሄድኩት ቼኮዝሎቫኪያ ነው። በትምህርት ክፍላችን ሁለት ኢትዮጵያውያን ነበርን፤ እሱና እኔ። እሱ በሁለት ዓመት ይቀድመኛል። ቋንቋውን ከእኔ በተሻለ ይናገር ነበር፤ ሰው ማሳቅ ያውቃል፤ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲሄድ የአገሩ ልጆች እንኳ ዞር ብለው ያዩት ነበር። በየጸደዩ አንድ አዛውንት መምህራችን ሕንፃ ሊያሳዩን በባቡር ይዘውን ይዞሩ ነበር። የሚያሳዩን ቤተ መንግሥት ወይም ካቴድራል አይደለም፤ ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ፣ ጌጥ የሌላቸው ነጫጭ ሕንፃዎች ናቸው። ባቡሩ መስኮቱ አይዘጋም፣ የከሰሉ ጭስ ይገባል፤ ካፖርቶቻችን በበረዶ ውኃ ርሰው እንደ እርጥብ በግ ይሸታሉ። ያ ሽታ ነው ወረቀቱ ላይ የቀረው።

አንድ ጊዜ ኮረብታ ላይ ያለ የባለጸጋ ቤት ወሰዱን። ወለሉ እንዳይጫር በር ላይ በጫማችን ላይ የምናጠልቀው የወፍራም ሱፍ ሽፋን ሰጡን። ሃያ ሰው ያለ ኮቴ እየተንሸራተተ ሲገባ ለቅሶ ቤት የገባን መስሎኝ ነበር። የወለል ሰም ይሸታል። አንደኛው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው፤ ጠባቂው አንድ ነገር ሲነካ መስታወቱ ቀስ እያለ ወደ ምድር ሰጠመና የአትክልቱ ቦታ ብርሃን ነጭ ሆኖ ፊታችን ላይ ፈሰሰ። ሁሉም ወደ ብርሃኑ ዞረ። እሱ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በአማርኛ «ይሄን አቃቂ ላይ ብትሠሪው የሠፈሩ ዝንብ ሁሉ ምሳ ይታደማል» አለኝ። ሳቄን ለመያዝ ነጠላዬን አፌ ውስጥ መክተት ነበረብኝ፤ ነጠላ ግን አልነበረኝም፣ የካፖርቴን እጅጌ ነከስኩ። ያን ጊዜ ያስቀኝ ነበር። ይህን አልክድም።

ስንለካ ሜትሩን የሚይዙት ወንዶቹ ነበሩ። እኔ ሜትር ለመያዝ እጄን ስዘረጋ እሱ «አንቺ ጻፊ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል» ይለኝ ነበር። እነሱ የሚጠሩትን እጽፋለሁ። እነሱ ሲጋራ ሊያጨሱ ሲወጡ ግን ለራሴ የምለካው ነገር ነበረኝ። አጭሩን በጎረቤታችን ማስመሪያ፤ ከማስመሪያዋ የሚረዝመውን ሁሉ በስንዝር። በደነዘዘ ጣት ማስመሪያ እያነሡ ከማስቀመጥ ስንዝር ይፈጥናል። ማስታወሻዬ ላይ «3 ስንዝር»፣ «5 ስንዝር» እያልኩ እጽፍና ፕላን ስነድፍበት ብቻ ወደ ሳንቲ ሜትር እመልሰዋለሁ። ለዚያ ነው የመጨረሻው ገጽ ላይ እጄን ስዬ ልኩን የጻፍኩት። እጄ ትንሽ መሆኑን አውቅ ነበር።

ሦስተኛው ጸደይ ላይ መምህሩ አንዲት ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ወሰዱን። ገና ከባቡር ስንወርድ ጥጥና የማሽን ዘይት ሸተተኝ። የአባቴ ሸሚዝ ሽታ ነው። ያን ሁሉ አገር ተሻግሬ መንገድ መሐል ቆሜ እንባዬ መጣ። ያየነው ሕንፃ የጥጥ ፈታይ ሠራተኞች ክበብ ነበር፤ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም። ከመንገዱ ወደ አዳራሹ የሚያወጣ ሰፊ ደረጃ አለው፤ ከላዩ እንደ ወረቀት የሳሳ የአርማታ ጥላ ተዘርግቷል። ሌላ ምንም የለም። ግን ያን ደረጃ ስወጣ እግሬ ቀጣዩን መርገጫ ራሱ አገኘው። ፈረቃ የጨረሱ ሴቶች ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው እያወሩ ሽቅብ አለፉን። መምህሩ በዱላቸው ጠቆሙና «አያችሁ? አንዷም እግሯን አላየችም» አሉ።

ሌሎቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ ተንበርክኬ ለካሁት። ከፍታው አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር፣ በማስመሪያዋ። የመርገጫው ጥልቀት ልክ ሁለት ስንዝር። ጻፍኩት፤ ደረጃውን፣ ጥላውን፣ መደገፊያውን፣ ሁሉንም ሳልኩ። አሥራ አንድ ገጽ ሞላ።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ ስግደት ጀመርሽ?» አለ እሱ ከኋላዬ።

ተመልሼ አቃቂ ላይ ይህን እንደምሠራ፣ ለእነ አባቴ፣ ለጎረቤታችን፣ ነገርኩት። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። አልሳቀም። እጁን ሰጥቶ አነሣኝ። ትልቅ እጅ ነበረው፤ እጄ መዳፉ ውስጥ ጠፋ። ደረጃውን አብረን ወጣን፣ ወረድን፣ እንደገና ወጣን፤ እኩል እየረገጥን። እስከ አዳራሹ በር ድረስ እጄን አልለቀቀም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሊመረቅ ሲል ማስታወሻ ደብተሬን «ለሦስት ቀን ብቻ» ብሎ ወሰደ። በሁለተኛው ሳምንት መለሰልኝ። የክበቡ አሥራ አንድ ገጾች የሉም።

«ዝናብ መታውና ተበላሸ፤ ቀድጄ ጣልኩት» አለኝ።

ገጾቹ የተቆረጡበትን ጠርዝ በጣቴ ዳሰስኩት። በምላጭ የተቆረጠ ነው። ዝናብ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም። እሱ ግን በዚያን ጊዜ የአገራችን ተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነበር፤ የሱ አንድ ደብዳቤ ሰውን ትምህርቱን ሳይጨርስ ያስመልስ ነበር፤ የተመለሰም አውቃለሁ። «ምንም አይደል» አልኩት። የተረፈኝ ከኋላ ሽፋኑ ጋር ተጣብቆ የነበረው የእጄ ስዕል ብቻ ነው። እሱን አላየውም። አይቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ የማወራበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ተመርቄ ስመለስ እሱ የክፍል ኃላፊ ሆኖ ጠበቀኝ። እኔ ረዳት ተባልኩ። ዲግሪያችን አንድ ዓይነት ነው፤ እንዴት ረዳት እንደሆንኩ የሚያስረዳኝ አልተገኘም። አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ በቀለም እንድገለብጠው አንድ ፕላን ተቀመጠ። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች አዳራሽ ይላል። ጥላው የእኔ ነው፤ መደገፊያው የእኔ ነው። ደረጃው ጋ ስደርስ ከፍታው አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ይላል። መርገጫው አርባ አራት።

አርባ አራት! የክበቡ ሠላሳ አራት ነበር፤ ሁለት የእኔ ስንዝር። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አላሰብኩም። «2 ስንዝር» የሚለውን አንብቦ የራሱን እጅ ዘርግቶ ለክቶታል። ያን እጅ አውቀዋለሁ።

ሠላሳ አራት ሲሆን እግር ያለ ሐሳብ ይሄዳል። አርባ አራት ግን ለአንድ እርምጃ ይበዛል፣ ለሁለት ያንሳል። የሚወጣው ሰው ይደናቀፋል፤ የሚወርደው ደግሞ ይብስበታል።

ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ደረሰ። «ምነው ዝም አልሽ?» አለ። «አብረን ያየነው እኮ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስህተት ካየሽበት ንገሪኝ» አለኝ። የምሩን ነበር። የሚያስፈራው ነገር ያለ ይመስል ነበር።

ብዕሬን ቀለም ነከርኩ። «ምንም የለውም» አልኩት።

ከዚያ አርባ አራትን በሚያምረው ጽሕፈቴ ጻፍኩ።

ምን እንዳሰብኩ በደንብ አስታውሳለሁ። የምረቃው ቀን ሰው ሁሉ ፊት ይዋረድ ብዬ ነው። ደግሞም ሆነልኝ። ባንድ እየተመታ እንግዶቹ ተሰልፈው ሲወጡ የመጀመሪያው ባለሥልጣን ሦስተኛው መርገጫ ላይ ተደናቅፎ በሁለት እጁ መሬት ነካ። የሚከተለውም እንደዚያው። ጥሩምባ ነፊው መሐል ላይ ዜማው ተቆረጠበት። ሠራተኞቹ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። በሳምንቱ ደረጃው ስም ወጣለት፤ ስግደት። «ስግደት ጋ ጠብቂኝ» ይባባሉ ጀመር። እሱ ግን አልተዋረደም። ሰው ወደ አዳራሽ ሲገባ ረጋ ብሎ እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነው ብሎ አስረዳ፤ ሰሚዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በኋላ ሌላ ሹመት አገኘ።

በሁለተኛው ክረምት ጎረቤታችን ከስብሰባ ስትወጣ ዝናብ ላይ ከዚያ ደረጃ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ።

ልጠይቃት ከአባቴ ጋር ሄድኩ። ቤቷ ጨለም ያለ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ቅባትና የረጠበ ጭቃ ይሸታል። ፀጉሯ ላይ ጥጥ አልነበረም፤ ነጩ የራሷ ነበር።

«ዓይኔ ነው ልጄ» አለችኝ። «ደረጃውማ ምን ያጠፋል፣ ያማረ ነው።» ከዚያ በክርኗ ቀና ለማለት እየሞከረች ፊቷ በራ። «አንቺ አለሽበት አሉ እኮ! ቢሮው የእነሷ ነው ብለው አወሩኝ። እውነት ነው? አለሽበት?»

ያን ያህል ዓመት ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ከእሷም ወዲህ የጠየቀኝ የለም። የእሷ ማስመሪያ ያኔም ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች።

«የለሁበትም» አልኳት።

«ምን አለች?» አለ አባቴ።

«የለሁበትም አለች!» ብላ ከተኛችበት ጮኸችለት። ከዚያ ቀስ ብላ ትራሷ ላይ ተመለሰች። «እኔ ደግሞ የእኛ ልጅ ነች እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ» አለች።

ወደ ክር ክፍል አልተመለሰችም። በምርኩዝ ኖራ በምርኩዝ ሞተች። አባቴም ተከተላት። ሰውዬው፣ አለቃዬ የነበረው፣ በቅርቡ ሲሞት ቀብሩ ላይ ተገኝቻለሁ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «ለአቃቂ ሠራተኞች በልዩ ጥበብ የነደፈው አዳራሽ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። ዘመዶቹ አለቀሱ። እኔ ቆሜ ጫማዬን አየሁ።

ቅዳሜ ልጅቷ ሰዓቷን አክብራ መጣች። በታክሲ አቃቂ ወርደን ከዚያ ባጃጅ ያዝን። አዳራሹ በሩ በሰንሰለት ታስሯል፤ መስኮቶቹ በቆርቆሮ ተደፍነዋል፤ ጥላው ጠርዙ ረግፎ የዛገ ብረቱ ወጥቷል። ደረጃው ግን አልተሸረፈም። ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው የጁስ ካርቶን እየደረደረ አየንና «እማማ ቀስ ይበሉ፣ ስግደት ነው ስሙ፣ ሳያሰግድ አያሳልፍም!» ብሎ ጮኸ።

«ለምን እንደዚያ ተባለ?» አለችው ልጅቷ።

«እኛም ስንመጣ እንደዚያ ሲባል ነው የሰማነው» አለ።

ልጅቷ ከኪሷ በብርሃን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ አወጣች። ቀይ ነጥብ ደረጃው ላይ አረፈች። ሜትር የሚይዝላት ወንድ አያስፈልጋትም። «አርባ አራት» አለችና ሌላውን ለካች። «ይሄም አርባ አራት። ምን ዓይነት ቁጥር ነው? ማን ነው እንዲህ የሚነድፈው?»

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከባቡሩ ጀምሬ ነገርኳት፤ ለእናንተ ከነገርኳችሁ ባነሰ ዝርዝር፣ እጁን የሰጠኝን ሳልጨምር። መሣሪያዋን ወረቀቱ ላይ ካለው እጅ ጎን አድርጋ አሰበች። አሥራ ሰባት፣ ሁለት ጊዜ፤ ሃያ ሁለት፣ ሁለት ጊዜ። ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ማስረጃ ነው! የእርስዎ ነው ማለት ነው!» ቅጹን አወጣች። የሱን ስም በአንድ መስመር ሰረዘችው። ይህን ለማየት ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከሰረዘችው በላይ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አዘጋጀችና ቆመች። ጎበዝ ልጅ ነች፤ የማይቀረው ጥያቄ መጣላት።

«ግን… ፕላኑን ከመሠራቱ በፊት አይተውት ነበር?»

«በእጄ ነው የገለበጥኩት።»

«አርባ አራቷንም?»

«አርባ አራቷንም።»

እስክሪብቶዋን ከቅጹ ላይ አነሣች። ስለ ጎረቤታችንም ነገርኳት፤ ስለ ማስመሪያዋ፣ ስለ ዳሌዋ። ልጅቷ ቅጹን ወደ ላይ ወደ ታች አየችው። የነዳፊው ስም፣ የተሠራበት ቁሳቁስ፣ አሁን ያለበት ሁኔታ። «ይሄንን የት እንደምጽፈው አላውቅም» አለች፤ ለራሷ ይመስል ነበር።

ማንም አላስገደደኝም። የሱ ስም ተሰርዟል፤ ያ ይበቃኝ ነበር። ወረቀቴን አጣጥፌ፣ ቦታው ባዶ ይሁን ብዬ፣ ባጃጅ ጠርቼ መሄድ እችል ነበር። ባዶ ቦታ ላይ የወደቀ ሰው የለም።

ተነሥቼ ለመውረድ እግሬን ዘረጋሁ። እግሬ ጠርዙን ፈለገ፣ አላገኘውም፤ ገና አሥር ሳንቲ ሜትር ይቀረው ነበር። ልጅቷ ክርኔን ያዘችኝ። እዚያው ቆመን፣ አንድ እግሬ በግማሽ እርምጃ ላይ እንዳለ፣ «እማማ፣ ታዲያ ምን ልጻፍ? አሉበት ልበል?» አለችኝ።

«ጻፊ» አልኳት። «አለሁበት!»

ጮክ ብዬ ኖሯል የተናገርኩት፤ እንደ አባቴ ቤት። ባለ ሱቁ ካርቶኑን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። ልጅቷ መጻፍ ጀመረች። እኔ ግን ትንሽ ጠበቅኩ፤ አንገቴን ዘንበል አድርጌ። «ምን አለች?» የሚል አልነበረም።